ዘጠኝ ፊደል፣ ስድስት ድምፅ፦ አንድ የብረት ሠራተኛ ዜማ መድረስን የተማረበት መንገድ

መነሻ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከምኖርበት ብሎክ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ ማታ ማታ ክራርና የሙዚቃ ሀሁ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊ አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ፣ የጥበቃ ሠራተኛ አለ። ብዙዎቹ ሰው የሠራውን ዘፈን አጥርተው መጫወት ከቻሉ ይበቃቸዋል። «ዜማ ራሴ ልድረስ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ ከመጡትም አብዛኞቹ በሁለተኛው ወር ይቀሩብኛል። ለረጅም ጊዜ ይህንን የተሰጥኦ ጉዳይ አድርጌ አየው ነበር። እንዳልሆነ ያሳየኝ አንድ ልጅ ነው። የሱን ጉዳይ ከነስህተቴ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ለዚህ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ጽሑፉን አንብቤለት እንዲወጣ ፈቅዷል።

ልጁና ይዞት የመጣው

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሲመጣ 21 ዓመቱ ነበር። በርና መስኮት በሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እስከ 12 ሰዓት ሥራ ላይ ስለሚሆን የምንገናኘው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ እንዲሁም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ክራር ትንሽ ትንሽ ይመታል፤ የተማረው ከጓደኛው ነው። ግጥም ግን ይጽፋል፤ ደብተሩ ሞልቷል። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ራሱን የቀዳባቸው 27 የዜማ ሙከራዎች ነበሩት። አንዱንም ለሰው አሰምቶ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ ኋላ ላይ ዋናው ሆኖ ተገኘ። ልጅ ሳለ አገር ቤት የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ጾመ ድጓ (የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ) ጀምሮ ሳይጨርስ ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣው። አልነገረኝም፤ እኔም ያለፈ ትምህርቱን ስጠይቅ «ስንተኛ ክፍል ደረስክ?» ብቻ ነበር ያልኩት።

ችግሩ ምን ነበር

27ቱን ቅጂዎች አንድ እሁድ አብረን ተቀምጠን ሰማናቸው። ሦስት ነገር ደጋግሞ ታየ።

አንደኛ፣ ዜማው ይቅበዘበዛል። አንድ ሐረግ ይጀምራል፣ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ወደ ሦስተኛ ይሻገራል፤ ተመልሶ የሚይዘው ነገር የለም። ሰሚው ሁለተኛውን ስንኝ ሲሰማ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ሁለተኛ፣ ጥሩ የሚመስለው ቦታ ሁሉ ከዚህ በፊት የምናውቀው ዘፈን ሆኖ ይገኛል። ልጁ ይህንን ራሱ ስለሚያውቅ ያፍራል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ከኢንተርኔት ባወረደው ዝግጁ ቢት ላይ ግጥሙን ሲያስገባ ቃሉ ይተርፋል ወይም ያጥራል። ሲያጥርበት «እኮ»፣ «ወይ»፣ «አሃ» እያለ ይሞላል፤ ሲተርፍበት ቃላቱን ያጣድፋል። ግጥሙ ደብተሩ ላይ የነበረው ወዝ ሲዘፈን ይጠፋል።

ለምሳሌ የማነሳው አንዱን ግጥሙን ነው። በክረምት የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ባጣበት ሰሞን የጻፈው ነው፦

ቤትሽ ከወንዙ ዳር፣ ቤቴ ከዳገቱ፣
ውሃው ሞልቶ ቀረ፣ መች ያልፋል ክረምቱ።

ግጥሙ የተስተካከለ ነው። ሲዘፍነው ግን የመጀመሪያው ሐረግ ረዝሞ፣ ሁለተኛው አጥሮ፣ አራተኛው ተጨናንቆ ይወጣ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የባከነው በኔ ነው።

የባከኑት ሳምንታት

መጀመሪያ ያደረግሁት፣ እኔ በተማርኩበት መንገድ ማስተማር ነበር። አምስቱን መስመር አስምሬ ኖታ አስጀመርኩት። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያልን አራት ሳምንት ሄድን። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ሁሉንም ሸምድዶ መጣ። ነገር ግን በነዚያ ሳምንታት አንድም አዲስ ዜማ አልሞከረም። ኖታ አይጠቅምም አላልኩም፣ አልልምም፤ ዜማ ያልፈጠረ ሰው ግን የሚጽፍበት ነገር የለውም። ዳቦው ሳይጋገር መሶብ ማቅረብ ሆነብኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። ከሌላ ሰው ዜማ እንዳይቀዳ ብዬ ለሁለት ሳምንት ምንም ዘፈን እንዳይሰማ ነገርኩት። ሥራ ቦታው ሬዲዮ ሲከፈት ጆሮውን በጥጥ ይደፍን ነበር፤ ይህንን ኋላ ሲነግረኝ አዘንኩ። ውጤቱ ባዶ ደብተርና የተሰበረ ሞራል ነበር። በኅዳር መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ቀረ፤ ሐሙስም አልመጣም። እኔም እንደ ሌሎቹ ቀረ ብዬ ደመደምኩ።

እሁድ ግን መጣ፤ ይቅርታ ሊጠይቅና ሊሰናበት። በዚያ ስንብት መሃል ነው «ጋሼ፣ እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ፊት ዜማ ስቀጽል እንደዚህ አልከበደኝም ነበር» ያለው።

ፊደሉን ትቶ አፍን መስማት

እንዴት እንደተማረ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ እያነሳና እያሳረፈ አንድ ቁራጭ አዜመልኝ። እጁ የሚያርፈው በየፊደሉ ላይ እንዳልሆነ ያየሁት ያኔ ነው። የሚያርፈው ድምፅ በሚወጣበት ቦታ ብቻ ነበር።

ወዲያው ወደ ወንዙ ግጥም ተመለስን። «ስንት ድምፅ አለው?» ስለው ፊደሉን ቆጠረ፦ «ቤትሽ ከወንዙ ዳር» 9፣ «ቤቴ ከዳገቱ» 6፣ «ውሃው ሞልቶ ቀረ» 8፣ «መች ያልፋል ክረምቱ» 10። እስከዚያ ቀን ድረስ ለየፊደሉ አንድ አንድ የዜማ ድምፅ ይሰጥ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሐረጎቹ ተዛንፈው የሚወጡት ለዚህ ነበር።

ከዚያ «አሁን አትቁጠር፣ እጅህን እያሳረፍክ በለው» አልኩት። ቤ-ትሽ-ከ-ወን-ዙ-ዳር። ስድስት። ቤ-ቴ-ከ-ዳ-ገ-ቱ። ስድስት። ው-ሃው-ሞል-ቶ-ቀር-ረ። ስድስት። መች-ያል-ፋል-ክ-ረም-ቱ። ስድስት። አራቱም እኩል ናቸው። ልጁ ለአፍታ ዝም ብሎ ደብተሩን ሲያይ ቆየ።

የአማርኛ ፊደል ለንባብ የተመቸ ነው፤ ለዜማ ግን ያሳስታል። ሳድሱ (ስድስተኛው) ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ድምፅ ይሆናል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ላይ ተለጥፎ ይዘጋዋል። «ወንዙ» ውስጥ ን ለብቻው አይቆምም፤ «ወን» ብሎ ይዘጋል። «ክረምቱ» ውስጥ ግን ክ ራሱን ችሏል። የሚጠብቅ ፊደል ደግሞ አንድ ሆኖ ተጽፎ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ «ቀረ» ሲባል ር የፊተኛውን ይዘጋል፣ የኋለኛውን ይከፍታል። ይህንን ጆሮ ያውቀዋል፣ ዓይን አያሳየውም።

አያት ቅድመ አያቶቻችን ይህንን ሳይጽፉ ያውቁት ነበር። ስድስት ስድስት የሚሄደው የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው፤ አምስት አምስቱ ሰንጎ መገን፣ አራት አራቱ ቡሄ በሉ። በነሐሴ በር ለበር የሚጨፍር የሰባት ዓመት ልጅ ቡሄ በሉን ሳይሳሳት ያወርደዋል፤ ማንም ቁጠር አላለውም። ልጁም ግጥም ሲጽፍ በደመ ነፍስ የወል ቤት ይመታ ነበር። የተበላሸው ከግጥም ወደ ዜማ ሲሻገር፣ ጆሮውን ትቶ ፊደል መቁጠር ሲጀምር ነው።

ምልክቱን በተመለከተ

አሁን የሚያስፈልገን ዜማውን የሚይዝ ምልክት ነበር። የድጓውን ምልክቶች ያውቃቸዋል፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር የተያያዙት እነዚህ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ከፊደሉ በላይ ተጽፈው የዜማውን አካሄድ ያመለክታሉ፤ ዜማውን ከመምህሩ አፍ የሰማ ሰው ያስታውስባቸዋል። እኔ በደስታ «በሱ እንጻፈዋ!» አልኩ።

ልጁ እምቢ አለኝ። ምልክቶቹ የጌታን ሕማም የሚያመሠጥሩ ናቸውና ለዘፈን አላውላቸውም አለ። ልክ ነበር፤ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ የራሱን ምልክት አወጣ። ከድምፁ በላይ ወደ ላይ ያዘነበለ ሰረዝ ሲሆን ዜማው ይወጣል፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ይወርዳል፣ ነጥብ ሲሆን ባለበት ይቆያል፣ ረጅም ሰረዝ ሲሆን ይጎተታል። አራት ምልክት። በሁለት ቀን ውስጥ ግማሽ ደብተሩን ሞላው። የተዋሰው ሐሳቡን ነው፤ ቅዱሱን ነገር ግን በቦታው ትቶታል።

ከስድስት አውታር አለመውጣት

ክራሩ ስድስት አውታር አለው። በትዝታ ሜጀር ስንቃኘው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና ላይኛው ዶ ይሆናል። ከዚህ እንዳንወጣ ተስማማን። ቀድሞ በስልኩ ላይ ባለው ፒያኖ ሲሞክር የቁልፉ ብዛት ያደናግረው ነበር፤ ስድስት አውታር ግን ስድስት ውሳኔ ብቻ ነው።

ዜማውን የጀመርነው ከንግግሩ ነው። ግጥሙን ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ታች ግቢ ላለ ሰው እንደሚጣራ አድርጎ አሥር ጊዜ እንዲናገረው አደረግሁ። ድምፁ «ወንዙ» ላይ ይወርዳል፣ «ዳገቱ» ላይ ይወጣል፤ ራሱም አላስተዋለውም። የተቀዳውን ሰምቶ አውታሮቹ ላይ ሲፈልገው ይህ ወጣ፦

ቤትሽ ከወንዙ ዳር — ሚ ሬ ሬ ዶ ዶ ሬ
ቤቴ ከዳገቱ — ሚ ሶል ሶል ላ ዶ(ላይኛው) ሶል

ወንዙ ከታችኛው አውታር፣ ዳገቱ ከላይኛው። ሦስተኛው ሐረግ ላይ እንደ ልማዱ ወደ አዲስ ነገር ሊሄድ ሲል አስቆምኩት። «ውሃው ሞልቶ ቀረ» የሚለውን በመጀመሪያው ሐረግ ዜማ ሳይለውጥ እንዲያስገባው ነገርኩት፤ ስድስት በስድስት ስለሆነ ልክክ ብሎ ገባ። የመቅበዝበዙ ችግር ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ድግግሞሽ ለሱ የሐሳብ ድህነት ይመስለው ነበር። የሠርግ ዘፈን ላይ ተቀባይ ያንኑ ባይመልስ ኖሮ አቀንቃኙ ምን እንደሚሆን ስጠይቀው ሳቀ።

ምቱ ላይ አንድ እንቅፋት ገጠመን። በችክችካ፣ በስድስት ምት ስንሄድ ጠንካራው ምት አንደኛውና አራተኛው ላይ ነው። በመጨረሻው ሐረግ አራተኛዋ «ክ» ነች፤ አጭር፣ ደካማ ድምፅ። ጠንካራ ምት ሲወድቅባት «ክክረምቱ» የሚል ይመስላል። መፍትሔውን ያገኘው ራሱ ነው፤ «ፋል»ን ጎትቶ ምቱን አሳለፈና «ክ»ን ወደ «ረም» መንደርደሪያ አደረጋት።

መቅዳትን በተመለከተ ክልከላዬን ገልብጬ የሚወደውን ዘፈን ሆን ብሎ እንዲያፈርስ አደረግሁ። አንድ ቀን ምቱን ይዞ ድምፆቹን ይለውጣል፣ በሌላ ቀን ድምፆቹን ይዞ ምቱን ይለውጣል። ልምምድ ነው፤ ለሰው አይቀርብም። የሰው ዜማ የት እንደሚያልቅና የሱ የት እንደሚጀምር መለየት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለም ነግሬዋለሁ፤ ሥራው ወጥ ሆኖ ከተቀረፀ ጥበቃ እንዳለው ሲያውቅ በስልኩ የሚቀዳውን ሁሉ ከነቀኑ ማስቀመጥ ጀመረ።

«ጥያቄ ነው እኮ ጋሼ»

የመጨረሻውን ሐረግ ሚ ሶል ሚ ሬ ሬ ዶ ብዬ ሰጠሁት። ዜማ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቤቱ ዶ ነው፤ እኔም ሌሎችን ሁሉ እንዲህ ነው ያስተማርኩት። ልጁ ግን ሚ ሶል ሚ ሬ ዶ ሬ እያለ ያንጠለጥለዋል። ሁለት ጊዜ አረምኩት። በሦስተኛው «ጥያቄ ነው እኮ ጋሼ። ክረምቱ አላለፈም። እንዴት ቤቱ ይገባል?» አለኝ።

እሱ ባለው መንገድ ዘፈነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ተማሪዎች አውታሩ ከቆመ በኋላም ዝም አሉ፤ የሚቀጥለውን እየጠበቁ። ግጥሙ የሚፈልገው ያንን መጠበቅ ነበር። አሁን ዘፈኑ ውስጥ ሬ ላይ ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ብቻ ዶ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተማሪ «በዶ ጨርስ» አላልኩም፤ «ግጥሙ ጨርሷል ወይ?» ነው የምጠይቀው።

ኋላ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን በትዝታ ማይነር ሞከርነው። ጣቶቹ ያው ናቸው፣ ዜማው ያው ነው፣ ሐዘኑ ግን ሌላ ሆነ። ልጁ የመረጠው ይህንን ነው።

ሰው ፊት ሲቀርብ

በየካቲት፣ በብሎካችን ማኅበር ሰዎች በተሰበሰቡበት አንድ እሁድ፣ አራት ስንኝ አድርጎ ተጫወተው። ሁለተኛው ቤት «ገና ነው መንገዱ» ብሎ ይጀምራል። ጨርሶ ሲቀመጥ አንዲት እናት ጠርተውት «ልጄ፣ ድምፅህ ይባረክ። ግን ገናን ምን አመጣው? አሁን ጾም እየገባ ነው» አሉት።

አለመስማታቸው አልነበረም። «ገ» ላይ ጠንካራ ምትና ወደ ላይ የምትዘል ድምፅ ስለነበረች፣ ሲዘፍነው ን እየጠበቀበት፣ ላልቶ የሚነገረው «ገና» ጠብቆ የሚነገረው «ገና» ሆኖ ነበር፤ ያልደረሰው መንገድ የልደት በዓል ሆነ። እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼው አላስተዋልኩትም፤ ግጥሙን ስለማውቅ ጆሮዬ ያርመው ነበር። ዝላይዋን ከ«ገ» ወደ «ነው» ስናሻግራት ተስተካከለ። እማማን በሚቀጥለው እሁድ ቤታቸው ሄዶ አሰማቸው።

ያልተሳካው

ድምፁን ሳንለካ ነው የቃኘነው። ላይኛው ዶ እሱ ጋ ይደርሳል፤ አብራው እንድትዘፍን የፈለጋት እህቱ ግን ታችኛው ላይ ድምፅዋ ይጠፋል። ዝቅ ሲል ለሷ፣ ከፍ ሲል ለሱ አልሆነም፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቅኝት እስካሁን አላገኘንም። የዘፋኙን ድምፅ ወሰን ከመጀመሪያው መመዝገብ ይገባኝ ነበር።

ከበሮውም እንዲሁ። በመጋቢት አንድ ጓደኛው ስቱዲዮ ወስዶት ቢት አስገቡለት። ምቱ አራት በአራት ነበር፤ የወል ቤቱ ተሰብሮ «እኮ» እና «ወይ» ተመልሰው ገቡ። ቅጂውን አልወደደውም፣ የከፈለውም ገንዘብ አልተመለሰም። ቀድሜ «ስድስት ምት ነው በላቸው» ብለው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ለሌላ አስተማሪ

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር የሞከርኩት አለ። ሁሉም መጀመሪያ ግጥማቸውን እጃቸውን እያሳረፉ ይናገራሉ፤ በየሐረጉ ስንት ድምፅ እንዳለ ሳይታወቅ ክራር አይነሳም። ለሁለቱ ወዲያው ሠራ። ሦስተኛዋ ግጥም አትጽፍም፤ ዜማው ነው መጀመሪያ የሚመጣላት። ለሷ ዜማውን በ«ላ ላ ላ» ቀድታ ድምፁን መቁጠርና ቃል መፈለግ ይሻላታል። መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ይሄዳል፤ መሃል ላይ የሚገናኙት ግን በድምፅ ቁጥር ነው።

አዲስ የሚመጣውን ሰው ደግሞ አሁን በመጀመሪያው ቀን «ከዚህ በፊት ዜማ የት ሰማህ? ማን አስተማረህ?» እለዋለሁ። መልሱ የአያት እንጉርጉሮ ሊሆን ይችላል፣ መንዙማ ሊሆን ይችላል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ወይም የከብት እረኝነት ዋሽንት ሊሆን ይችላል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የተለማመደውን ሥራ ለማን እንደሚያሰማውም አስቀድሜ አስባለሁ፤ ግጥሙን የማያውቅ አንድ ሰው፣ በተለይ አማርኛው የበሰለ ሽማግሌ ወይም ባልቴት፣ እኔ በወር የማላገኘውን ስህተት በአንድ መስማት ያገኘዋል።

አሁን ያለበት

ልጁ ሁለተኛውን ዜማ በሰንጎ መገን ጀምሯል። አምስት በአምስት ስለሆነ በስድስት ምት ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ እዚያ ላይ ዝም ልበል ወይስ የመጨረሻዋን ልጎትት እያለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያውን ሐረግ ዝም ብሎ፣ ሁለተኛውን ጎትቶ መጣ። ሁለተኛው ልክ ነው። የመጀመሪያው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።